ሦስተኛው ሲሊንደር ብቻውን ሲግል፦ በእጄ የሠራሁት አውሮፕላን ሞተር እንዴት በረደ

ከመሬት ከተነሣሁ ገና አራት ደቂቃ አልሞላኝም። ወሩ ሐምሌ ነው፤ ቦታው ከዴንቨር በስተሰሜን ያለ ትንሽ አየር ማረፊያ። ውጭው 31 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኗል። ዓይኔን ከፍጥነት መለኪያው ወደ ሞተሩ ጌጆች ስመልስ የሦስተኛው ሲሊንደር ቁጥር ቢጫ ሆኖ አየሁት። 418 ፋራናይት። ጥቂት ቆይቶ 430። ከዚያ 441። የቀሩት ሦስቱ ከ392 እስከ 411 ናቸው።

የአውሮፕላኗን አፍንጫ ዝቅ አደረግኩ። ጉልበት ቀነስኩ። ነዳጁን አበዛሁለት። ቁጥሩ 441 ላይ ትንሽ ቆም አለና ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ሜዳውን ከዓይኔ ሳላወጣ ዞሬ አረፍኩ። ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ግን ከመቀመጫዬ ለመነሣት ጊዜ ወሰደብኝ። አራት ዓመት ተኩል የሠራኋት አውሮፕላን ናት። ልጆቼ ብሎን እያቀበሉኝ ያደጉባት ናት።

ይህን የምጽፈው አውሮፕላን እየሠራ ላለ፣ ወይም ሠርቶ ጨርሶ ሞተሩ ለሚግልበት ሰው ነው። እዚህ አሜሪካ በእኛ ሰው መካከል አብራሪም መካኒክም አለ፤ ጋራዡ ውስጥ ክንፍ የጀመረም አውቃለሁ። ሕጉ ቀና ነው። ከሥራው ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አማተር ሠሪ ለትምህርትና ለደስታው ብሎ ከሠራው፣ አውሮፕላኑ በሙከራ ምድብ ይመዘገባል። ከዚያ የሙከራ በረራ ሰዓት ይሰጥሃል። የእኔ 40 ሰዓት ነበር። በእነዚያ ሰዓታት ተሳፋሪ አይጫንም። የሙቀት ችግር አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚያሳየውም በዚሁ ወቅት ነው።

ሞተሬ ላይኮሚንግ ኦ-320 ነው። አራት ሲሊንደር፣ 160 የፈረስ ጉልበት። ራዲያተር የለውም። የሚበርደው በነፋስና በዘይት ነው። ሲሊንደሮቹ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ ተኝተዋል። ከአብራሪው መቀመጫ ሲታይ አንደኛውና ሦስተኛው በቀኝ፣ ሁለተኛውና አራተኛው በግራ ናቸው። ሦስተኛውና አራተኛው ከኋላ፣ ከአብራሪው እግር ፊት ለፊት ማለት ነው።

ፋብሪካው ለቴስታታው፣ ማለት ለሲሊንደሩ ራስ፣ ሙቀት የሰጠው የመጨረሻ ጣሪያ 500 ፋራናይት ነው። ይህ ግን የሚኖሩበት ቁጥር አይደለም። አሉሚኒየም ከ400 በላይ ሲሆን ጥንካሬው ፈጥኖ ይወርዳል። ቴስታታው ይሰነጠቃል፣ ቫልቩ ይጣበቃል፣ ድብልቁ ያለ ሰዓቱ መፈንዳት ይጀምራል። ስለዚህ ሞተሩን ዕድሜ እንዲሰጠው የሚፈልግ ሰው በረጅም በረራ ከ400 በታች ይይዘዋል።

ያን ቀን ኮፈኖውን ከፍቼ መጀመሪያ ያሰብኩት ነገር ስህተት ነበር። ‹‹አየር አነሰው›› አልኩ። የታችኛውን መውጫ ለማስፋት በእርሳስ መሥመር አሰመርኩ። ለኮፈኖው የሚቆረጥ የአየር ማስወጫ ሁሉ አዘዝኩ። ከዚያ ለጋሼ ደወልኩ።

ጋሼ የምላቸው በደብረ ዘይት አየር ኃይል ቲ-28 የሚባለው ማሠልጠኛ አውሮፕላን ላይ የሠሩ ሰው ናቸው። አሁን ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ነው የሚኖሩት። ዓይናቸው ቢደክምም እጃቸው አልደከመም። ቅዳሜ ጠዋት መጡ። የእርሳሱን መሥመር አዩና ‹‹መቀሱን አስቀምጠው ልጄ›› አሉኝ። ‹‹የቆረጥከውን ፋይበር መልሰህ አትቀጥለውም። መጀመሪያ መለኪያህ እውነት መናገሩን እወቅ። ቀጥሎ አየሩ የት እንደሚሄድ እወቅ። ማስፋት መጨረሻ ነው።››

መለኪያው ላይ ግማሽ ቀን አጠፋን። አልቆጨኝም። የሙቀት መርፌዎቹን አራቱንም ነቅለን በጀበና የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ በአንድ ነከርናቸው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የፈላ ውሃ 212 ፋራናይት የሚሆነው ባሕር ጠለል ላይ ነው። የእኔ ሃንጋር 5 ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃው የሚፈላው በ203 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ከዚያም ያንሳል፤ እዚያ ባቄላ ለመብሰል የሚያስቸግረውም ለዚህ ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ደህናውን መርፌ ‹‹ዘጠኝ ዲግሪ ይሳሳታል›› ብሎ ይጥለዋል። የእኛዎቹ ከ202 እስከ 205 አነበቡ። ደህና ናቸው። ደግሞ የሦስተኛውን መርፌ ወደ አንደኛው፣ የአንደኛውን ወደ ሦስተኛው አዘዋወርን። በማግስቱ አጭር በረራ አደረግኩ። ሙቀቱ መርፌውን ተከትሎ አልሄደም። ሦስተኛው ሲሊንደር ላይ ቀረ። ስለዚህ ግለቱ እውነት ነው።

ለሻማዎቹ እሳት የሚሰጠውን የማግኔቶውንም ታይሚንግ አየን። ለዚህ ሞተር ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 25 ዲግሪ ዙር በፊት ነው የሚባለው፤ እዚያው ላይ አገኘነው። ታይሚንግ ከቀደመ ሲሊንደሮቹ ሁሉ ይግላሉ። የኢንቴክ ቱቦዎቹ ጓርኒሲዮንም አየር አያስገባም ነበር። አንዱ ቱቦ አየር ቢስብ ኖሮ ያ ሲሊንደር ብቻ ነዳጅ አንሶት ይግል ነበርና ይህን ሳያዩ ማለፍ አይገባም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልጨምር። ፕሮፔለር አጠገብ ከመቆማችሁ በፊት የማግኔቶው ቁልፍ መጥፋቱን ብቻ ሳይሆን የመሬት ሽቦው መያያዙንም አረጋግጡ። ሽቦው ከተበጠሰ ቁልፉ ጠፍቶም ማግኔቶው ሕያው ነው። በእጅ የተነካ ፕሮፔለር ሞተር ሊያስነሣ ይችላል። ልጆች በሚመላለሱበት ሃንጋር ይህ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ወደ ነፋሱ ልመለስ። ብዙ ሰው፣ እኔም ጭምር፣ አየሩ ከፊት ገብቶ በሲሊንደሮቹ ላይ አልፎ ወደ ኋላ የሚሄድ ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ከፊት በሁለቱ ቀዳዳዎች የገባው አየር ከሞተሩ በላይ ባለው ክፍል ውስጥ ይታፈናል። እዚያ ግፊት ይፈጥራል። ከሥር፣ መውጫው ባለበት በኩል ግፊቱ ዝቅ ያለ ነው። አየሩ በሲሊንደሩ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች መካከል ከላይ ወደ ታች የሚገፋው በዚህ ልዩነት ነው። ባፍል የምንለው የላሜራ ግድግዳ ሥራው ላይኛውን ክፍል ከታችኛው መለየት ነው። ግድግዳው ኮፈኖውን እንዳይነካ ከ1 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ክፍተት ይተውለታል፤ ሞተር ሲነሣና ሲጠፋ ይወዛወዛልና። ያንን ክፍተት የሚዘጋው የሲሊኮን ጎማ ከንፈር ነው።

ጋሼ ይህን በምጣድ አስረዱኝ። ‹‹እናትህ አክምባሎውን ደፍታ ዙሪያውን በጨርቅ ስትከብበው አይተሃል? እንፋሎቱ በጎን ካመለጠ እንጀራው ዓይን አያወጣም። ምጣዱ ላይ እሳት ብትጨምር ምን ትጠቀማለች? የእሷ ችግር ጨርቁ ነው።›› ከዚያ በኋላ ስለ መውጫ ማስፋት አላሰብኩም።

ቀዳዳ ለማግኘት ሦስት ነገር ሞከርን። የመጀመሪያው መብራት ነው። ሲመሽ የሃንጋሩን መብራት አጥፍተን፣ ኮፈኖውን ገጥመን፣ በታችኛው መውጫ በኩል ጠንካራ የእጅ ባትሪ አስገባን። እኔ ከፊት ባለው ቀዳዳ አጎንብሼ አየሁ። በሲሊንደሩ ቅጠሎች መካከል የሚመጣው ቀጭን ብርሃን ትክክለኛ ነው፤ አየሩም የሚሄደው በዚያው ነው። የሚያስደነግጠው ሌላው ነበር። የማግኔቶ ሽቦዎቹ በሚያልፉበት ቀዳዳ እንደ ጨረቃ የሚያበራ ክብ አለ። በግራ የኋላ ጥግ፣ የዘይት ማቀዝቀዣው ከባፍሉ ጋር በሚገጥምበት ቦታ፣ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ አለ። በአንደኛውና በሦስተኛው ሲሊንደር መካከል ከሥር የሚገጠመው ላሜራ ደግሞ ሽቦው ላልቶ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ወርዷል። አየሩ ቅጠሎቹን ሳይነካ በዚያ በኩል ይወርድ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው ክር ነው። ቅጠል የሚነፋውን የግቢ ማሽን በካርቶንና በፕላስተር በአንዱ ቀዳዳ ገጠምነው፤ ሌላውን ዘጋነው። ማሽኑ ሲነፋ ሞተር ሳይነሣ ላይኛው ክፍል ግፊት ያገኛል። ጋሼ የሹራብ ክር በእንጨት ጫፍ አስረው በኮፈኖው ስንጥቆችና በዘይት መሙያው በር ዙሪያ አዞሩት። በሩ ዳር ላይ ክሩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያንን በር ስንት ጊዜ ከፍቼ ዘግቻለሁ፤ አየር ያስወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚልቀው ነው። የኮፈኖውን ውስጥ ስሠራ ነጭ ቀለም ቀብቼዋለሁ። ጥቁሩ ጎማ በበረራ ጊዜ ኮፈኖውን ሲያሽ አሻራ ይተዋል። ኮፈኖውን ገልብጠን ጠረጴዛ ላይ አኖርነው። መሥመሩ ከግራ ይጀምራል፣ ቀጭን፣ ጥቁር፣ ያልተቋረጠ። መሐሉን አልፎ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ከሦስተኛው ሲሊንደር ጀርባ ሊደርስ ሲል ጥፍት ይላል። ለ20 ሴንቲ ሜትር ያህል ምንም የለም፣ ነጭ ብቻ። ከዚያ ጥጉ ላይ እንደገና ይጀምራል። ጋሼ ጣታቸውን በባዶው ቦታ ላይ ወዲያና ወዲህ አመላለሱ። ምንም አላሉም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ገብቶኛል።

የጎማው ከንፈር ወደ ፊት፣ ግፊቱ ወዳለበት ወገን መታጠፍ አለበት። ያኔ አየሩ ራሱ ከኮፈኖው ጋር ያጣብቀዋል። ግፊቱ በበረታ ቁጥር ይበልጥ ይዘጋል። እኔ ኮፈኖውን ስገጥም ያ ቁራጭ ወደ ኋላ ተቀልብሷል። ወደ ኋላ የታጠፈ ጎማ መሬት ላይ የተዘጋ ይመስላል፤ በበረራ ላይ ግፊቱ ሲመጣ እንደ መጋረጃ ይከፈታል። በፎቶ ብታዩት እንኳ ልዩነቱ አይታወቅም። የሚነግራችሁ አሻራው ብቻ ነው።

ጎማውን በአዲስ ቀየርኩ። የድሮው ለዚያ ቦታ ጠባብ ነበር። ቁራጮቹ በሚገናኙበት ቦታ አንዱ በሌላው ላይ እንዲደራረብ አደረግኩ፤ አለዚያ ግፊት ሲመጣ መጋጠሚያው ይከፈታል። ጥጎቹን ከአንድ ወጥ ቁራጭ ቆረጥኩ። ትናንሽ ቀዳዳዎቹን ሙቀት በሚችል ቀይ ሲሊኮን ደፈንኩ። ያንን ላሜራ ወደ ቦታው ስቤ ሽቦውን አጠበቅኩ። ኮፈኖውን ስገጥም አሁን አንድ ሰው በዘይት በሩ በኩል እጁን አስገብቶ ጎማውን ወደ ፊት እየመለሰ ይጠብቀኛል። ልጄ ይህን ሥራ ከእኔ በላይ ትሠራዋለች፤ እጇ ትንሽ ነው።

ከዚህ በፊት ግን አንድ መለኪያ ገጥሜ ነበር፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ ነውር ነው። ለውጥ ማምጣቴን በሙቀት ብቻ ባየው የቀኑ አየር ያታልለኝ ነበር። ጋሼ ‹‹ግፊቱን ለካ›› አሉ። ለግፊት ደግሞ አሮጌ የፍጥነት መለኪያ ይበቃል። ፍጥነት መለኪያ የሚባለው ነገር የሁለት ግፊቶችን ልዩነት በኖት፣ በአውሮፕላን ፍጥነት መስፈሪያ፣ ጽፎ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። የአንዱን ቱቦ ጫፍ ከሞተሩ በላይ፣ የሌላውን ከሞተሩ በታች አደረግኩ። ጫፎቹ ላይ ቀጭን የአሉሚኒየም ቱቦ፣ መጨረሻው የተደፈነ፣ ጎኑ በትናንሽ ቀዳዳ የተበሳሳ፣ ልክ እንደ ዋሽንት። እንዲህ ካልተደረገ ነፋሱ ቱቦው አፍ ላይ በቀጥታ እየነፋ የውሸት ቁጥር ይሰጣል። ቱቦዎቹ የእሳት መከላከያውን ግድግዳ የሚያልፉበትን ቀዳዳ እሳት በሚችል ማሸጊያ ዘግቻለሁ። ለጊዜው ነው ብላችሁ ክፍት እንዳትተዉት።

መጀመሪያ ላይ፣ አውሮፕላኗ በ115 ኖት ስትበር፣ ሁለተኛው መለኪያ 60 ኖት አነበበ። ግፊት በፍጥነት ስኩዌር ስለሚሄድ 60ን ለ115 አካፍሎ በራሱ ማባዛት ነው። 27 በመቶ ይመጣል። ከፊት ለፊቷ ካለው የነፋስ ግፊት ሲሊንደሮቹን ለማብረድ የምትጠቀመው ሩቡን ያህል ነው ማለት ነው። በውሃ ከፍታ ቢለካ 2.3 ኢንች። ጎማውንና ቀዳዳዎቹን ከሠራሁ በኋላ በዚያው 115 ኖት መለኪያው 90 አለ። 61 በመቶ፣ 5.3 ኢንች ውሃ። አንዲት ሴንቲ ሜትር ኮፈኖ ሳልቆርጥ።

ሙቀቱ እንዲህ ሆነ። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ውጭው 22 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነት እየወጣሁ ነበር የምለካው። ምክንያቱም ውጭው አንድ ዲግሪ ሲጨምር ቴስታታውም ከሞላ ጎደል አንድ ዲግሪ ይጨምራል። የሐምሌን ቀትር ከመስከረም ጠዋት ጋር ያወዳደረ ሰው ራሱን ነው የሚያታልለው። ከጥገናው በፊት ጠዋት ላይ ሦስተኛው 428 ነበር። ከጥገናው በኋላ 401 ሆነ። ሁሉም ወርደዋል። ዘይቱም ከ222 ወደ 203 ወረደ፤ ማቀዝቀዣው የሚተነፍሰው ከዚያው ክፍል ስለሆነ። ግን ሦስተኛው አሁንም ከሌሎቹ በላይ ነው። ሁለተኛው 374፣ አራተኛው 365፣ አንደኛው 357።

ሃንጋሬ ግድግዳ ላይ የ‹‹ፀሐይ›› ፎቶ ተሰቅሏል። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር የተሠራችው፣ ጣሊያን ወስዷት በጥር 2016 ዓ.ም. የተመለሰችልን አውሮፕላን። ጋሼ ያንን ፎቶ ሳያዩ አይወጡም። የእሷ ሞተር 7 ሲሊንደር ነው፤ እንደ ኮከብ ጨረር ዙሪያውን ተሰልፈው ሁሉም ነፋሱን ፊት ለፊት ይቀበላሉ። ‹‹የአንተዎቹ ሁለቱ ከወንድሞቻቸው ጀርባ ተደብቀዋል›› አሉኝ። ‹‹ለተደበቀው መንገድ መጥረግ አለብህ።››

መንገዱ ምን እንደሆነ ለማወቅ የሦስተኛውን የኋላ ባፍል ነቀልነው። በዚህ ዓይነት ሞተር የቀኝና የግራ ቴስታታ አንድ ቅርጽ ነው፤ ዞሮ ነው የሚገጠመው። በዚህ የተነሣ የሦስተኛው ጀርባና የሁለተኛው ፊት ቅጠሎቻቸው አጫጭር ናቸው። ላሜራው እነሱ ላይ ልጥፍ ካለ አየር የሚወርድበት ቦታ የለም። ባትሪ ከሥር አብርቼ ከላይ ሳይ በሌሎቹ ጎኖች የብርሃን መሥመር ይታያል። በሦስተኛው ጀርባ ጨለማ ነው። ቢላ እንኳ አይገባም።

መፍትሔው ሁለት ሮንዴላ ነበር። ባፍሉ በሚታሰርበት ብሎን ላይ፣ በላሜራውና በቴስታታው መካከል አስገባናቸው። 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተፈጠረ። በዚያ አየር ወደ ታች ይወርዳል። በቅጠሎቹ መካከል የቀረ የመቅለጫ ጥራጊም ነበር፤ በቀጭን ሞረድ በጥንቃቄ አነሣነው። ቅጠሉን ራሱን እንዳትነኩ። በሁለተኛው ፊት የነበረውን መከለያ ደግሞ ትንሽ በትንሽ ቀነስኩት። አንድ ጊዜ መቁረጥ፣ አንድ ጊዜ መብረር፣ መጻፍ። ሦስት ጊዜ ሆነ። በመጨረሻ ከአንደኛው እስከ አራተኛው 361፣ 366፣ 376፣ 366 አነበብኩ። አንደኛው 4 ዲግሪ ጨመረ። ይህ ጥሩ ምልክት ነው፤ አየሩ አሁን ለአራቱም እየተካፈለ ነው።

የቀረው የእኔ እጅ ነበር። ይህ ነገር በከፍታ ለምንበር ሰዎች ሁሉ ይሠራል። በሐምሌው ቀን ሜዳው 5 ሺህ ጫማ ላይ ቢሆንም፣ በሙቀቱ ምክንያት አየሩ የሳሳው በ8 ሺህ ጫማ ልክ ነበር። እንዲህ ባለ ቦታ ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን እንዲሰጥ ከመነሣት በፊት ነዳጁን ትንሽ መቀነስ ያስፈልጋል። እኔም የሞተሩ ዙር ከፍ እስኪል ድረስ እቀንስና ከዚያ ሳልነካው እወጣ ነበር። ለመነሣት ልክ ነው። በረጅም መውጣት ላይ ግን ሞተሩ ነዳጅን ለማብረጃም ይፈልገዋል። አሁን ከተነሣሁ በኋላ የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ሙቀት ነዳጅ ሲቀነስ ከሚደርስበት ጫፍ ቢያንስ 150 ዲግሪ ፋራናይት ዝቅ ብሎ፣ ነዳጅ በበዛበት ጎን እንዲሆን አድርጌ እወጣለሁ።

ፍጥነቱንም ለወጥኩ። በ75 ኖት ነበር የምወጣው፤ ከፍታ ቶሎ ይገኛል ብዬ። ሜዳውን ካለፍኩና ከዛፎቹ በላይ ከሆንኩ በኋላ አሁን 100 ኖት እይዛለሁ። በመቶው ላይ ያለው የነፋስ ግፊት በሰባ አምስቱ ካለው 1.8 እጥፍ ያህል ነው። ምንም ወጪ የሌለው ማቀዝቀዣ ይህ ነው። ሁለቱ ተደምረው ሦስተኛውን ጠዋት ላይ ወደ 365 አወረዱት።

አውሮፕላን እየሠራችሁ ወደ አዲስ አበባ ወስዳችሁ ለማብረር የምታስቡ ካላችሁ ደግሞ፣ ቦሌ ከዚህ ይበልጥ ከፍ ያለ ነው፤ 2,300 ሜትር ያልፋል። እዚያ የሳሳው አየር ለሞተሩ ጉልበትም ለማብረድም ያጥራል። ባፍላችሁን እዚህ እያላችሁ ጨርሱ።

አዲስ ሞተር ወይም አዲስ ሲሊንደር ያላችሁ ሰዎች አንድ ነገር አስተውሉ። የፒስተን ቀለበቶቹ እስኪቀመጡ ድረስ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሙቀቱ ከፍ ይላል፤ ከዚያ ራሱ ይወርዳል። ይህ ግን አራቱንም በአንድነት ነው የሚያሞቀው። አንዱ ብቻ ከወንድሞቹ በ40 ዲግሪ ከራቀ ‹‹ሲለምድ ይተዋል›› ብላችሁ አትጠብቁ። ወርዳችሁ ኮፈኖውን ክፈቱ።

የታዘዘው የአየር ማስወጫ እስካሁን ካርቶኑ ውስጥ ነው። የእርሳሱ መሥመር ግን ኮፈኖው ላይ አለ፤ አልጠፋም። ጎማውን በየዘይት ቅያሪው አያለሁ። ነጩን ቀለም በጨርቅ እወለውልና ከሚቀጥሉት በረራዎች በኋላ አዲሱን አሻራ እከተላለሁ። ጎማ ይደርቃል፣ ጠርዙ ይቀደዳል፣ ሲሊኮኑም ይላቀቃል።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ውጭው እንደገና 31 ዲግሪ ሆነ። ሆን ብዬ በቀትር ተነሣሁ። ያንኑ መንገድ፣ ያንኑ መውጣት። ሦስተኛው 381 ላይ ቆመ። አሥር ደቂቃ ጠበቅኩት፤ አልተንቀሳቀሰም። አርፌ የጌጁን ፎቶ ለጋሼ ላክሁላቸው። ወዲያው ደወሉ። ‹‹ሦስተኛውን አየሁት፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አራተኛው ለምን ከአንደኛው 9 ዲግሪ ራቀ?›› አሉኝ። ኮፈኖውን ከፈትኩ። በግራ የኋላ ጥግ፣ ዘይት ማቀዝቀዣው አጠገብ፣ ጥቁሩ መሥመር ሦስት ጣት ያህል ሳስቷል። ቅዳሜ እንመጣበታለን።